«የልጅ ነው» ያልነው በሽታ



ዛሬ የምናገርለት በሽታ ስሙ ረጅም ነው፤ የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ። ብዙዎቻችሁ ስሙን የሰማችሁት መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ወይም ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ የስልክ ወሬ ይሆናል። «ልጁ ከማቆያው ይዞት መጣ፤ አፉ ቆስሎ መብላት እምቢ አለ፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ሽፍታ ወጣበት» ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያው ዘመድ መልሶ ይደውላል። «አሁንስ እኔኑ ያዘኝ! ማንኪያ መጨበጥ፣ መሬት መርገጥ አቃተኝ። የልጆች በሽታ ነው ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

ሐኪሞቹ ያሉት ውሸት አይደለም። በሽታው በብዛት የሚታየው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ዳሩ ግን በልጆች ላይ መታየቱ ልጆችን ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም። አዋቂም ይያዛል፤ ብዙውን ጊዜ ሳይታወቀው ይያዛል፤ ሳይታወቀውም ለሌላው ያቀብላል። ዛሬ ልከራከርበት የመጣሁት ጉዳይ ይኸው ነው። «የልጅ ነው» የምትለው አጭር ፍርድ ሁለት ጊዜ ትጎዳናለች። አዋቂው ሲታመም በሽታው ሌላ ስም ይሰጠውና ያልሆነ መድኃኒት ይውጣል። ሳይታመም የተያዘው ደግሞ ራሱን ከነገሩ ውጭ አድርጎ ስለሚያይ እጁን ሳይታጠብ ልጁን ያቅፋል። በጽኑ የሚታመመው ልጁ ነው፤ የቤቱ ጥንቃቄ ግን ያለው በአዋቂው እጅ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቫይረሱን እናስተዋውቅ። በሽታውን የሚያመጡት ኢንተሮቫይረስ የሚባሉ፣ በጉሮሮና በአንጀት ውስጥ የሚራቡ ቫይረሶች ናቸው። በየቤታችን ጠብታ ይዘው የሚመጡ የጤና ሠራተኞች የሚዋጉት የፖሊዮ ቫይረስም የዚሁ ዘር ነው። እንዲያውም ዘመዶቹ የተገኙት ፖሊዮ ሲፈለግ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጊልበርት ዳልዶርፍና ግሬስ ሲክልስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሽባነት ከታየባቸው ልጆች ሰገራ ላይ ቫይረስ ሲፈልጉ ከፖሊዮ የተለየ አዲስ ዓይነት አገኙ። ልጆቹ የኮክሳኪ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ኮክሳኪ በኒው ዮርክ ግዛት በሀድሰን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ግኝቱ በ1948 ታተመ፤ ቫይረሱም በከተማይቱ ስም ተጠራ። ዛሬ የኮክሳኪ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ በፊደልና በቁጥር ይለያያሉ።

በ1957 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና የእጅና የእግር ሽፍታ ያጣመረ ወረርሽኝ ታየ፤ ከሕሙማኑ የተለየው ቫይረስም ኮክሳኪ ኤ16 ነበር። በ1959 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም፣ ያው በሽታ ሲነሣ ያጠኑት ሐኪሞች ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጡት። በ1969 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ አንጎሉ ከተቆጣ ሕፃን፣ ሌላ ዘመድ ተለየ፤ ኢንተሮቫይረስ 71 ይባላል። ከሁሉም የሚፈራው እሱ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ ይዘልቃልና። ሦስተኛው ስም ኮክሳኪ ኤ6 ነው። የአዋቂዎች ነገር ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከብት አርቢ ዘመድ ያላችሁ አትደንግጡ። በከብቶች ላይ የሚወጣው የአፍና የእግር በሽታ ሌላ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች በሩቅ ይዛመዳሉ እንጂ ይህን በሽታ ከላም ወይም ከበሬ የሚወስድ ሰው የለም። ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው።

እንግዲህ አዋቂው የት ነው ያለው? ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያገኘሁት ከታይዋን ነው። በ1998 በዚያች ደሴት ኢንተሮቫይረስ 71 የመራው ከባድ ወረርሽኝ ተነሣ። ሐኪሞች ለመንግሥት ያመለከቱት የሕመምተኛ ቁጥር 129,106 ደረሰ። ከእነዚህ 405ቱ በጽኑ ታመሙ፤ 78ቱ ሞቱ፤ የሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሕፃናት ሐኪሞቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ወደየቤቱ ሄዱ፤ አንድ ልጅ ሲታመም በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይያዛል? የታመመውን ብቻ አይደለም የቆጠሩት። ደምና የጉሮሮ ናሙና እየወሰዱ፣ ደኅና ነኝ የሚለውንም መረመሩት።

ውጤቱ በ2004 ታተመ። የተጠኑት ቤተሰቦች 94 ነበሩ። ከታመመው ሰው ጋር ከኖሩት 339 የቤተሰብ አባላት መካከል 176ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከወንድሞችና ከእኅቶች 84 በመቶው መያዛቸው አያስገርምም። ከወላጆች ግን 41 በመቶው፣ ከአያቶች 28 በመቶው፣ ከአጎቶችና ከአክስቶችም 26 በመቶው ተይዘው ተገኙ። እስቲ አስቡት፤ ከአምስት እናቶችና አባቶች ሁለቱ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን ይበልጥ ያስገርማል። ከተያዙት ልጆች ምንም ምልክት ያላሳዩት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከተያዙት አዋቂዎች ግን 53 በመቶው ምንም አልተሰማቸውም። 39 በመቶው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የሆድ መረበሽ ብቻ ነበራቸው፤ እኛ «ጉንፋን ነው»፣ «ምግቡ አልተስማማኝም» ብለን የምናልፈው ዓይነት ማለት ነው። በሽታው በመልኩ የታየባቸው 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ልብ በሉ። ከአሥር የተያዙ አዋቂዎች ዘጠኙ የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ እንደያዛቸው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ምግብ ያበስላሉ፤ አራስ ይጠይቃሉ። ቫይረሱ ግን በምራቃቸውና በሰገራቸው ይወጣል። ከጉሮሮ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ከሰገራ ደግሞ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲወጣ ይቆያል። ሰውየው በልቡ ጤነኛ ነው፤ ከእሱ የሚወስደው ልጅ ግን ጤነኛ ላይሆን ይችላል።

አዋቂው ለምን ይቀልለታል? አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከነዚህ ቫይረሶች አንዱን ወይም ሌላውን አግኝቶት ስለሚያልፍ ሰውነቱ ትውስታ ይይዛል። ትውስታው ግን ላገኘው ዓይነት ብቻ ነው። ኤ16ን ያወቀ ሰውነት ኤ6ን አያውቀውም። ስለዚህ «በልጅነቴ ወጥቶልኛል» የሚል ሰው ሊያዝ ይችላል፤ ዘንድሮ የታመመም በሌላ ዓመት በሌላው ዓይነት ሊታመም ይችላል።

አሁን ወደ ኮክሳኪ ኤ6 ልመለስ። በ2008 በፊንላንድ አንድ ወረርሽኝ ተነሣ። ሕመሙ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ የታማሚዎቹ ጥፍር ከሥሩ እየለቀቀ መነቀል ጀመረ። ለወላጆች እጅግ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። ሲመረመር ቫይረሱ እስከዚያ ድረስ እምብዛም የማይወራለት ኤ6 ሆነ። ከኅዳር 2011 እስከ የካቲት 2012 ድረስ ደግሞ በአሜሪካ አላባማ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮኔቲከትና ኔቫዳ ግዛቶች ውስጥ ከወትሮው የከፋ በሽታ ታየ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከመዘገባቸው 63 ሰዎች 15ቱ አዋቂዎች ነበሩ፤ ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። ከአዋቂዎቹም ብዙዎቹ ከልጆች ጋር የሚውሉ ወይም የታመመ ልጅ በቅርባቸው የነበረ ሰዎች ናቸው።

«እኔ ልጅ የለኝም፤ አይመለከተኝም» ለሚል የሚከተለው ይበቃዋል። በ2015 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለው የአየር ኃይል ማሠልጠኛ ውስጥ ይኸው በሽታ በምልምል ሠልጣኞች መካከል ተዛመተ። ሠልጣኞቹ ጤንነታቸው ተመርምሮ የገቡ፣ የጠነከሩ ወጣቶች ናቸው፤ በካምፑ ውስጥ ሕፃን የለም። ያለው የጋራ መኝታ፣ የጋራ መታጠቢያና የጋራ መሣሪያ ነው። ለቫይረሱ ይኸው በቃው። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች፣ የሠራተኛ ካምፖችና ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርባቸው ቤቶች ከዚህ የሚለዩበት ነገር የለም።

በአዋቂ ላይ ሲገለጥ ምን ይመስላል? ቫይረሱ ከገባ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ድካም፣ ራስ ምታትና የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ምላስ፣ ላንቃና የጉንጭ ውስጥ ይቆስላል። ከዚያ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ውሃ ይቋጥራሉ። የአዋቂ መዳፍና ተረከዝ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ውሃ የቋጠረው እባጭ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከውስጥ ሆኖ ይገፋል። ስለዚህ ያቃጥላል፣ ይወጋል። መሪ የሚጨብጥ ሾፌር፣ መቀስ የሚይዝ ፀጉር አስተካካይ፣ ምጣድ ላይ የምትጋግር እናት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር መምህር ያኔ ሥራ መሥራት ያቅታቸዋል። ኤ6 ሲሆን ሽፍታው በመዳፍ አይወሰንም፤ በክንድ፣ በጉልበት፣ በመቀመጫና በአፍ ዙሪያ ይሰራጫል፤ እባጮቹም ይተልቃሉ።

ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ራሱ ይድናል። ከዚያ በኋላ መዳፍና ውስጥ እግር ሊላጥ ይችላል። ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ጥፍር ከሥሩ ሊለቅ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው ካንሰር ነው፣ መርዝ ነው፣ ሰው አደረገብኝ ሲል ይጨነቃል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ በሕመሙ ሰሞን የጥፍሩ ሥር እድገቱን ለጊዜው አቋርጦ ነበር። ከሥሩ አዲስ ጥፍር እየገፋ ይመጣል። በግድ አትነቅሉት፤ አሳጥራችሁ ቁረጡትና ጠብቁት።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ እንምጣ፤ አዋቂው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ አፉ ዙሪያ የቆሰለ ሰው በእኛ ቤት ምን ይባላል? «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፤ ይሸተታል፤ ይቀባል። ማሽተቱ ለሚያጽናናው ሰው አልከለክልም፤ የፈነዳ ቁስል ላይ ግን ጭማቂውን አትቀቡ። ጉሮሮው የታመመው ደግሞ «ቶንሲል ነው» ብሎ መድኃኒት ቤት ይሄድና አሞክሳሲሊን ይገዛል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሽፍታው በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ሰውየው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይልና ወደ ሌላ አንቲባዮቲክ ይሻገራል። በሽታው በራሱ ጊዜ ሲድን ምስጋናውን የመጨረሻው ክኒን ይወስዳል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያው ይደገማል።

ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ሌላ ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ከሚያወጡ በሽታዎች አንዱ ቂጥኝ ነው። አንድ ባለትዳር መዳፉ በሽፍታ ተሞልቶ ቢታይ በቤት ውስጥ ምን ዓይነት ጥርጣሬ ሊነሣ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቂጥኝ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፤ የዚህኛው ግን ያቃጥላል። ይህ ልዩነት መንገድ ያሳያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርዱን የሚሰጠው የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው ቀላል ነውና አትፈሩት። ጉድፍም ሊመስል ይችላል፤ ጉድፍ ግን አብዝቶ የሚወጣው በደረት፣ በጀርባና በፊት ላይ ነው። ኤምፖክስ፣ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የምንለው፣ በግንቦት 2025 ሞያሌ ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተረጋገጠ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሰዎችን ያስደነግጣል። በኤምፖክስ እጢ ማበጥ የተለመደ ነው፤ ሽፍታውም ጠልቆ የገባ፣ ቀስ እያለ መልኩን የሚለውጥ ነው። በዓይን መለየት ያቃተው ሐኪም ከእባጩ፣ ከጉሮሮ ወይም ከሰገራ ናሙና ወስዶ ቫይረሱን በላቦራቶሪ ማስለየት ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ይህን አትርሱ፤ ሳትጠየቁ ተናገሩ። «ባለፈው ሳምንት ልጄ አፉ ቆስሎ ነበር»፤ «የምሠራው መዋዕለ ሕፃናት ነው»፤ «የእኅቴን ልጅ ስጠብቅ ነበር»። አዋቂ ሲታመም ሐኪሙም ቢሆን ይህን በሽታ ቀድሞ ላያስብ ይችላል። ከልጅ ጋር መዋላችሁን የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ምርመራና ብዙ ጥርጣሬ ታስቀራለች።

ሕክምናው ምንድን ነው? ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የሚደረገው ሕመሙን ማስታገሥና ሰውነት ውሃ እንዳያጥረው መጠበቅ ነው። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይወሰዳል። አይቡፕሮፌንም ይረዳል፤ ጨጓራ ያለበት፣ የኩላሊት ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥም። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ አፍን ያለዝባል። እባጮቹን አታፍርጡ፤ በራሳቸው ይደርቃሉ።

ምግቡስ? እዚህ ላይ ማዕድ ቤታችን መልስ አለው፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ለጥቂት ቀናት ይረፉ። ሎሚና ብርቱካን፣ ትኩስ ቡናና ትኩስ ሾርባም የቆሰለ አፍን ያቃጥላሉ። ቀዝቃዛ እርጎ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ አልጫ ሽሮ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በጾም ቀን የተልባ ውሃ፤ እነዚህ ሳይፋጁ ይወርዳሉ። መብላት ቢያቅት ለጥቂት ቀን ችግር የለውም፤ መጠጣት ግን መቅረት የለበትም። ሽንቱ የጠቆረና የቀነሰ ሰው ውሃ አጥሮታል።

ቤት ተቀምጦ መጠበቅ የማይገባበትም ጊዜ አለ። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፤ ብርቱ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፤ መደናገር፣ መንቀጥቀጥ ወይም የእጅና የእግር መስነፍ ከታየ፤ ደረት ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፤ ምንም መጠጣት ካቃተ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። በአዋቂ ላይ ይህ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። የሰውነት መከላከያቸው የደከመ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ገና ሲጀምራቸው ሐኪም ያማክሩ። ነፍሰ ጡር እናት ብትያዝ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ያልፋታል። በመውለጃዋ ሰሞን ከሆነ ግን ለአራስ ልጇ ልታስተላልፍ ስለምትችል ለአዋላጇ ትንገር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ አራስ አቅሙ ትንሽ ነውና።

እስካሁን ስለ ሕመሙ ተናገርኩ። የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን መንገዱን መዝጋት ነው። ከኮሮና ዘመን ወዲህ በየቦርሳችን ሳኒታይዘር ይዘናል። ለዚህ ቫይረስ ግን ሳኒታይዘር ብዙ አያስተማምንም። የኮሮና ቫይረስ ዙሪያውን በቅባት ተለብጧል፤ አልኮል ቅባቱን ሲያሟሟው ይሞታል። ኢንተሮቫይረስ ያ ልባስ የለውም፤ እንደ ጠጠር ደረቅ ነው። ስለዚህ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ፣ እየታሸ ከእጅ ላይ ታጥቦ መሄድ አለበት።

«እኛ እኮ እጅ መታጠብ ባህላችን ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ማስታጠቢያ ሳይዞር ማዕድ አይቀርብም። ግን ሁለት ነገር እንመርምር። ከማዕድ በፊት የምንታጠበው ብዙ ጊዜ በውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙናው የሚመጣው ከበላን በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ሁለተኛ፣ ዋናው መታጠቢያ ጊዜ ከማዕድ በፊት ያለው ብቻ አይደለም። ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ የልጁን ፖፖ ካፈሰሱ በኋላ፣ ንፍጡን ከጠረጉ በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን ከነሳሙናው መጸዳጃው አጠገብ ይቀመጥ። የልጁን ዳይፐር የሚቀይር ማንም ይሁን ማን፣ አባትም፣ አያትም፣ የቤት ሠራተኛም፣ ሕጉ አንድ ነው።

ጉርሻንስ ምን እናድርገው? ጉርሻ ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በቤት ውስጥ አንድ ሰው ከታመመ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ለዚያ ሰሞን ጉርሻ ይቅር፤ ለታመመው ለብቻው ሰሃንና ብርጭቆ ይሰጠው። ለሕፃን ምግብ አኝኮ ማጉረስ፣ ማንኪያውን ቀድሞ በአፍ ቀምሶ መስጠት፣ ሕፃን ከንፈር ላይ መሳም፣ እነዚህ ግን በጤና ጊዜም ቢቀሩ ይሻላል። ፎጣ ለየብቻ ይሁን። ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚከቱት መጫወቻ፣ የበር እጀታና የመጸዳጃ መቀመጫ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በአንድ ሊትር ገደማ ውሃ ተበርዞ ይጠረግበት። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ክትባት የለም ወይ? አለ፤ ግን በከፊል። ቻይና ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ ከመዘገበች በኋላ፣ በአገር ውስጥ የተሠሩ የኢንተሮቫይረስ 71 ክትባቶችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ፈቀደች። የሚሰጡት ለሕፃናት ነው። አንጎል የሚደርሰውን ክፉውን ዓይነት ይከላከላሉ፤ ኤ16ንና ኤ6ን አይነኩም። አዋቂን በብዛት የሚያስቸግረው ኤ6 እስካሁን ክትባት አልወጣለትም። በእጃችን ያለው መከላከያ ሳሙና ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ ሥራ ልናገር። በሽታው እጅግ የሚተላለፈው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ትኩሳት ያለበት፣ እባጩ ገና ያልደረቀ አዋቂ ቤቱ ይቀመጥ። በተለይ ሞግዚት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር፣ ነርስና ምግብ አብሳይ ከሆነ። ግን ቀን ካልሠራች ደመወዟ የሚቆረጥባትን ሞግዚት «ቤት ተቀመጪ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን የቤት ኪራይ ነው። እጇ ላይ የወጣውን ሽፍታ በጓንት ሸፍና ብትመጣ እሷን ብቻ መውቀስ አንችልም። መዋዕለ ሕፃናት የምታስተዳድሩ፣ ቤታችሁ ሠራተኛ የቀጠራችሁ፣ የሕመም ቀን በደመወዝ ስጡ። ይህን ከቸርነት አትቁጠሩት፤ የገዛ ልጃችሁን የምትጠብቁበት ወጪ ነው። ከተመለሰች በኋላም ቫይረሱ ለሳምንታት ከሰገራ ስለሚወጣ እስኪጠፋ ድረስ ማንንም ቤት ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ መታጠቡ ከሽፍታው ጋር አያበቃም፤ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ወር ይቀጥል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ልጅ ሲታመም እናቱ ትጠየቃለች፤ ማቆያው ይወቀሳል፤ ሌላ ሰው ልጅ ላይ ጣት ይጠቆማል። የታይዋኑ ጥናት ግን አባትንም፣ አያትንም፣ አጎትንም በመዝገቡ ላይ አስፍሯቸዋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሰፈራችሁ አንድ ልጅ በዚህ በሽታ መታመሙን ስትሰሙ፣ «የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በቤቱ ያሉት አዋቂዎች ስንት ናቸው? ሁሉስ በሳሙና ይታጠባሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ እስኪሆን ድረስ በሽታው የልጅ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።